ቱሪንግ ባይሞት ኖሮ ስልካችሁ ምን ይመስል ነበር?

ከባሮ ድልድይ አጠገብ ቆሞ መልእክት የሚልክ አንድ የጋምቤላ ወጣት እናስብ። እየጻፈ ሳለ ስልኩ ቀጣዩን ቃል ይገምትለታል። ጽሑፉ ወደ ቁጥር ይቀየራል። ቁጥሩ ደግሞ ሌላ ሰው እንዳያነበው ይመሰጠራል። ሦስቱም ነገሮች ከአንድ ሰው ስም ጋር ይያያዛሉ፤ ከአላን ቱሪንግ። ሰውየው ከሞተ 70 ዓመት አልፎታል። ሲሞት ገና 41 ዓመቱ ነበር።

ስለ እሱ በቲክቶክና በዩቲዩብ ብዙ ይወራል። እሱ ባይኖር ኮምፒዩተር አይኖርም ነበር የሚል አለ። የአፕል ኩባንያ አርማ የእሱ መታሰቢያ ነው የሚል አለ። ዕድሜ ቢሰጠው ኖሮ ዛሬ የምናየው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከ50 ዓመት በፊት ይመጣ ነበር የሚልም አይጠፋም። እስቲ ዛሬ ይህችን «ቢሆን ኖሮ» የምትባል ነገር ጠበቅ አድርገን እንያት። ሕይወቱን እየተረክን፣ መንገዱ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ሁሉ ቆም እንበልና ነገሩ በሌላው በኩል ቢሄድ ምን ይሆን ነበር ብለን እንጠይቅ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቱሪንግ ጁን 23 ቀን 1912 ለንደን ውስጥ ተወለደ። አባቱ በቅኝ ግዛት ሕንድ የመንግሥት ሹም ስለነበሩ ወላጆቹ ብዙውን ጊዜ ያሳለፉት እዚያው ነው። እሱና ታላቅ ወንድሙ እንግሊዝ አገር ሰው ቤት ቀሩ። 13 ዓመቱ ላይ ሸርቦርን ወደሚባል አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። ትምህርት የሚጀምርበት ቀን ሲደርስ ግን አገሪቱ በሥራ ማቆም አድማ ተመታች፤ ባቡር የለም። ልጁ ምን አደረገ? ብስክሌቱን አውጥቶ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ጋለበ። አንድ ሌሊት መንገድ ላይ አድሮ በማግስቱ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ደረሰ።

ትምህርት ቤቱ ግን ብዙም አልወደደውም። እዚያ የሚከበረው ላቲንና ግሪክኛ እንጂ ሒሳብና ሳይንስ አልነበረም። የእጅ ጽሑፉም ለመምህራኑ ፈተና ነበር። ሰው ያገኘው ክሪስቶፈር ሞርኮም የሚባል ጓደኛ ሲያገኝ ነው። ሁለቱ ስለ ከዋክብትና ስለ ሒሳብ ሲያወሩ ይውሉ ነበር። ሞርኮም በፌብሩዋሪ 1930 ሞተ። ገዳዩ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ የሳንባ ነቀርሳ ዓይነት ነው፤ በልጅነቱ በጠጣው የተበከለ ወተት የያዘው።

የመጀመሪያው የመንገድ መገንጠያ ይኸውላችሁ። ከብት የሚያረባ ቤተሰብ ያለው የጋምቤላ አንባቢ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ያ ወተት ተፈልቶ ቢሆን ኖሮ ሞርኮም ምናልባት ይተርፍ ነበር። ቱሪንግ ከዚያ ሞት በኋላ ለዓመታት አንድ ጥያቄ አልለቅ አለው። የሰው አእምሮና ሥጋው ምንና ምን ናቸው? ሥጋ ሲፈርስ አእምሮ ወዴት ይሄዳል? አእምሮ ማሽን ሊሆን ይችላል ወይ ወደሚለው ኋለኛ ጥያቄው የወሰደው መንገድ ከዚህ እንደጀመረ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ያምናሉ። አንድ ብርጭቆ ወተት ባይኖር ጥሩ የሒሳብ ሊቅ ይወጣው ነበር፤ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው መሆኑ ግን ያጠራጥራል።

በ1931 ካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ ገባ። በ1936 ደግሞ፣ በ24 ዓመቱ፣ ስሙን ያቆመለትን ጽሑፍ አወጣ። ጥያቄው የሒሳብ ሊቆች ጥያቄ ነበር፤ ማንኛውም የሒሳብ አባባል እውነት ይሁን ሐሰት ያለ ማሰላሰል፣ ደንብ በመከተል ብቻ መለየት ይቻላል ወይ? ቱሪንግ መልስ ለመስጠት በሐሳቡ አንድ ማሽን ሠራ። ረጅም ወረቀት አለ፣ በክፍል በክፍል የተከፈለ። ማሽኑ አንድ ምልክት ያነባል፣ ይሰርዛል ወይም ይጽፋል፣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይሄዳል። በቃ! ሌላ ነገር የለውም። ይህ ቀላል ማሽን እንኳ የማይመልሰው ጥያቄ እንዳለ አሳየ።

ለእኛ የሚበልጠው ግን በመሐል ያስገባው ሐሳብ ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ ማሽን አያስፈልግም አለ፤ የሌላውን ማሽን መመሪያ ማንበብ የሚችል አንድ ማሽን ካለ ሁሉንም ይሠራል። የአያቶቻችን ሬዲዮ ሬዲዮ ብቻ ነበር። ካሜራውም ካሜራ ብቻ። እናንተ ኪስ ውስጥ ያለው ዕቃ ግን አፕ በጫናችሁበት ቁጥር ሌላ ዕቃ ይሆናል፤ ጠዋት ካርታ፣ ቀን ባንክ፣ ማታ ሲኒማ። የሐሳቡ ሥር ያ የ1936 ጽሑፍ ነው።

ታዲያ እሱ ባይጽፈው ኖሮስ? እዚህ ላይ ነው የቲክቶኩ ወሬ የሚሰነካከለው። አሎንዞ ቸርች የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በሌላ መንገድ ያንኑ መልስ በዚያው ዓመት፣ እንዲያውም ትንሽ ቀደም ብሎ አሳትሞ ነበር። ጀርመን ውስጥ ኮንራድ ሱዘ በ1941 በፕሮግራም የሚሠራ ማስሊያ ማሽን አቁሟል። አሜሪካኖች ደግሞ ኤኒያክ የተባለውን ግዙፍ ኮምፒዩተር በ1946 ለዓለም አሳዩ። ስለዚህ ቱሪንግ ባይወለድም ኮምፒዩተር ይመጣ ነበር። ምናልባት ጥቂት ዓመት ዘግይቶ፣ ምናልባትም ቅርጹ ትንሽ ተለውጦ። የእናንተ ስልክ ግን ከመምጣት አይቀርም ነበር።

ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። በሴፕቴምበር 1939 ቱሪንግ ብሌችሊ ፓርክ ወደሚባለው የምስጢር ሰባሪዎች ግቢ ገባ። ጀርመኖች መልእክታቸውን የሚመሰጥሩት ኢኒግማ በሚባል ማሽን ነበር። መንገዱን የከፈቱት ፖላንዳውያን ናቸው። ማርያን ሬየቭስኪና ባልደረቦቹ ከ1932 ጀምረው ኢኒግማን ሰብረውት ነበር፤ ጦርነቱ ሊፈነዳ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት የሚያውቁትን ሁሉ ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ አስረከቡ። ቱሪንግ ከዚያ ተነስቶ ቦምብ የተባለውን ኮድ ፈላጊ ማሽን ነደፈ፤ ጎርደን ዌልችማን የሚባል ባልደረባው ደግሞ አሻሻለው። ከዚያ ቱሪንግ ሌሎቹ ተስፋ የቆረጡበትን የባሕር ኃይሉን ኢኒግማ ያዘ። ወደ እንግሊዝ እህልና ነዳጅ የሚጭኑ መርከቦችን የሚያሰጥሙ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የት እንዳሉ የሚታወቀው በዚያ ነበር። ግቢው ውስጥ በመጨረሻ ወደ 9,000 ሰው ይሠራ ነበር፤ ከአራቱ ሦስቱ እጅ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ጦርነቱን አሸነፈ የሚለው የፊልም ነገር ነው። እሱ ባይኖር ግን የአትላንቲክ ውጊያ ሊረዝም፣ ብዙ ሰው ሊያልቅ ይችል እንደነበር ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ።

ጦርነቱ እኛም አገር ነበር። በ1940 እና 1941 ኢትዮጵያ ውስጥ የነበረው የኢጣሊያ ጦር ከሮም ጋር የሚገናኘው በሬዲዮ ነበር። እንግሊዞች ብሌችሊ ፓርክና ካይሮ ሆነው ምስጢራዊ ኮዱን ፈትተው የኢጣሊያን ጦር ሪፖርቶች ያነቡ ነበር። አርበኞች በየዱሩ አምስት ዓመት ሲዋደቁ፣ በመጨረሻው ሰዓት የጠላት ዕቅድ ወረቀት ላይም ይፈታ ነበር ማለት ነው። ጋምቤላ በማርች 1941 ከኢጣሊያ እጅ ወጣች። በዚያው ዓመት ጁላይ ጄኔራል ጋዜራ ደምቢ ዶሎ ላይ ከቤልጂየም ኮንጎ ለመጣው ጦር እጁን ሰጠ። የቱሪንግ ማሽን ግን እዚህ ውስጥ የለችበትም። የኢጣሊያ ጦር የምሥራቅ አፍሪካ ኮዶች ሌሎች ባልደረቦቹ በእርሳስና በወረቀት የፈቷቸው ናቸው። ቱሪንግ ባይወለድም ጋምቤላ በዚያው ዓመት ነፃ ትወጣ ነበር።

በዚያው ጦርነት በአኮቦና በጊሎ ወንዞች አካባቢ የአኙዋ ተዋጊዎችን ይዞ ኢጣሊያን የወጋ አንድ እንግሊዛዊ ምሁር ነበር፤ ኤድዋርድ ኢቫንስ ፕሪቻርድ ይባላል። ስለ ኑዌር ሕዝብ የጻፈው መጽሐፍ የታተመው በ1940 ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

ከጦርነቱ በኋላ ቱሪንግ ለንደን አጠገብ ባለ የመንግሥት ቤተ ሙከራ ኮምፒዩተር ሊሠራ ተቀጠረ። ንድፉን ቶሎ ጨረሰ፤ ግንባታው ግን ተጓተተ። በንዴት ይሁን በሌላ ምክንያት፣ በእነዚያ ዓመታት በጣም ይሮጥ ነበር። በ1947 ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ3 ሴኮንድ ገባ። የ1948ቱ የለንደን ኦሊምፒክ አሸናፊ የገባበት ሰዓት ከዚህ የሚሻለው በ11 ደቂቃ ብቻ ነው። ጉዳት ባያግደው ኖሮ ለኦሊምፒክ የሚታጭ ሯጭ ነበር። አበበ ቢቂላ ከ13 ዓመት በኋላ ሮም ላይ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ እንደገባ ስናስታውስ ግን በሩጫው ብዙም አናዝንለትም።

የሚያሳዝነው ሌላ ነው። በ1948 ማሽን እንዴት ሊማር እንደሚችል የሚያብራራ ዘገባ ለአለቆቹ አስገባ። በነርቭ አምሳያ ስለተያያዙ ትናንሽ ክፍሎች፣ እንደ ሕፃን በሽልማትና በቅጣት ስለማሠልጠን ይናገራል። የዛሬዎቹ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያዎች በሩቁ የዚህ ሐሳብ ዘመዶች ናቸው። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ግን ዘገባውን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ለሕዝብ ታትሞ የወጣው በ1968 ነው፤ 20 ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ። ያኔ ወዲያው ታትሞ ቢሆንስ? ሐሳቡ ቀድሞ ይሰራጭ ነበር። ነገር ግን አንድ እውነት አለ፤ ያ ዘመን ማሽኑ አልነበረውም። በማንቸስተር ቱሪንግ የሠራበት ኮምፒዩተር በፈጣን ማስታወሻው የሚይዘው አንድ ረዘም ያለ የቴሌግራም መልእክት ያህል ነበር። ለቼዝ የጻፈውን ፕሮግራም እንኳ የሚያስኬድለት ኮምፒዩተር አጥቶ ራሱ እንደ ማሽን በወረቀት እያሰላ ከጓደኛው ጋር ተጫወተ። አንዷን እርምጃ ለማስላት ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅ ነበር። ፕሮግራሙም ተሸነፈ። በ1950 ማሽን ያስባል ወይ የሚለውን ጥያቄ በጨዋታ መልክ ሲያቀርብ፣ ማሽን ሰው መስሎ በጽሑፍ መነጋገር ከቻለ ምን ቀረው ብሎ ጠየቀ። በሌላ አነጋገር ሐሳቡ ቀድሞ ነበር፤ የዘገየው ዕቃው ነው። ቱሪንግ 100 ዓመት ቢኖርም ቻትጂፒቲን በ1970 አታገኙትም ነበር።

ታዲያ በሞቱ ምን አጣን? መልሱ ያለው ሰው ብዙ በማያወራለት የመጨረሻ ሥራው ውስጥ ነው።

በ1952 ቱሪንግ ስለ ኮምፒዩተር ያልሆነ ጽሑፍ አሳተመ። ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል፤ የእንስሳ ቆዳ ላይ ነጠብጣብና ሽንትር የሚመጣው ከየት ነው? ጽንስ ሲጀመር ሁሉም ቦታው አንድ ዓይነት ነው። ማን ነው ታዲያ እዚህ ጋ ጥቁር፣ እዚያ ጋ ነጭ ብሎ የሚወስነው? ቱሪንግ ወሳኝ አያስፈልግም አለ። እርስ በርስ የሚነካኩ ሁለት ንጥረ ነገሮች፣ በተለያየ ፍጥነት ከተሰራጩ፣ ነጠብጣቡን ራሳቸው ያወጡታል።

የሰፈራችሁን ጀበና ቡና አስቡ። አንዷ ቡና ስትከፍት ሰው ይሰበሰባል፤ ሰው ሲሰበሰብ አጠገቧ ሌላዋ ትከፍታለች። ይህ ቶሎ የሚያድግ ግን ቅርብ የሚቀር ነገር ነው። በሌላ በኩል የእነሱ መኖር የመንገዱን ደንበኛ ሁሉ ከሩቅ ይስባል፤ ስለዚህ መሐል መንገድ ላይ ብቻዋን ለምትከፍት ገበያ አይኖርም። ወዲያ ማዶ ደንበኛ ሲገኝ ሌላ የቡና ስብስብ ይፈጠራል። ማንም ካርታ ሳይሠራ ከተማው ላይ ነጠብጣብ ወጣ። የቱሪንግ ሒሳብ በመሠረቱ ይኸው ነው። በጽሑፉ ውስጥ በእጁ አስልቶ የሣለው ምስል እንደ ቡሬ ላም ቆዳ የተዥጎረጎረ ነበር።

አሁን ወደ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እንመለስ። መጽሐፉ በዝርዝር ከመዘገባቸው ነገሮች አንዱ የኑዌር ሕዝብ ለከብት ቀለም ያለው ቃላት ነው። ለኑዌር ከብት ቡሬ ወይም ጥቁር ተብሎ ብቻ አይታለፍም። ነጩ የት አካባቢ እንዳረፈ፣ ነጠብጣቡ ሰፊ ይሁን ጥቃቅን፣ ሽንትሩ ወዴት እንደሚሄድ፣ ለእያንዳንዱ ቃል አለው። ወጣቱ በሚወደው በሬ ቀለም ይጠራል። ካምብሪጅ የተማረ አንድ ሰው ነጠብጣብ እንዴት ይወጣል ብሎ ሒሳብ ሲጀምር፣ በባሮና በአኮቦ ዳር የነጠብጣብ ዓይነቶች በስም ተለይተው፣ ከአባት ለልጅ ሲተላለፉ ኖረዋል። አንደኛው ወገን መለያው አለው፣ ሌላው ወገን ስሌቱ አለው።

ስሌቱ ግን ቆመ። በ1952 መጀመሪያ የቱሪንግ ቤት ተዘረፈ። ለፖሊስ አመለከተ። ምርመራው ዞሮ ወደ ራሱ መጣ፤ ከአንድ ወንድ ጋር የነበረውን ግንኙነት ሲጠየቅ አልደበቀም። ያ ደግሞ በወቅቱ የእንግሊዝ ሕግ ወንጀል ነበር። በማርች ጥፋተኛ ተባለ። ከእስር ይልቅ ለአንድ ዓመት ሆርሞን እንዲወስድ ተወሰነ። የመንግሥት የምስጢር ሥራ ፈቃዱ ተነጠቀ። በጦርነቱ ጊዜ ምን እንደሠራ ሕዝቡ አያውቅም፤ የብሌችሊ ፓርክ ነገር በይፋ መነገር የጀመረው በ1970ዎቹ ነው። አገሩን ያገለገለበትን ሥራ ለጎረቤት እንኳ መናገር በማይችልበት ሰዓት ጋዜጣ ላይ የወጣው ክሱ ነበር።

ጁን 7 ቀን 1954 ቤቱ ውስጥ ሞተ፤ በማግስቱ የቤት ሠራተኛዋ አገኘችው። ምክንያቱ ሳያናይድ ነው። የምርመራው ውሳኔ ራሱን አጠፋ የሚል ነበር። እናቱ ግን ቤት ውስጥ ይሠራው በነበረ የኬሚካል ሙከራ የደረሰ አደጋ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ዛሬም ይህን የሚደግፉ ምሁራን አሉ። አልጋው አጠገብ የተገመጠ ፖም ነበር፤ መርዝ ይኑርበት አይኑርበት ማንም አልመረመረውም። የአፕል አርማም ከዚህ ፖም ጋር ግንኙነት የለውም። አርማውን የሠራው ሮብ ጃኖፍ ንክሻውን የጨመረው ፖሙ ከሌላ ፍሬ ጋር እንዳይምታታ ነው።

እንበልና ያን ቀን አልሞተም። ሕጉም አልነካውም። ምን ይሆን ነበር? የዘረመል ቅርጽ የታወቀው በ1953 ነው፤ እሱ ከመሞቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ። በ1960ዎቹ ኮምፒዩተሮች እሱ በእጁ ወራት የሚያሰላውን በደቂቃ መሥራት ጀመሩ። ሥነ ሕይወቱ መጥቶለታል፣ ማሽኑም መጥቶለታል፣ ዕድሜውም ገና 50ዎቹ ውስጥ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ጽሑፉ ለብዙ ዓመታት የሚያነበው ጠፋ። የእሱ ዓይነት ነጠብጣብ በኬሚካል ሙከራ ታየ የተባለው በ1990 ነው። የጃፓን ተመራማሪዎች የአንድ ዓሣ ሽንትር በእሱ ስሌት እንደሚንቀሳቀስ ያሳዩት በ1995 ነው። የአይጥ ጽንስ ጣቶች ተለያይተው የሚወጡበት መንገድ ከእሱ ሐሳብ ጋር እንደሚሄድ የታየው ደግሞ በ2014 ነው። ጣት! ስልክ የምትነኩበት ጣት እንዴት ጣት እንደሆነ የሚጠይቀው ጥያቄ 40 እና 60 ዓመት ጠበቀ። እያንዳንዱ እንስሳ ላይ ሒሳቡ ይሠራል ወይ የሚለው ክርክር ዛሬም አላለቀም።

እንግሊዝ በ2009 በጠቅላይ ሚኒስትሯ በኩል ይቅርታ ጠየቀች። በ2013 ንግሥቲቱ ምሕረት ሰጡ። ከ2021 ጀምሮ ፊቱ የ50 ፓውንድ ብር ላይ አለ። ሁሉም መልካም ነው፤ ሞት ላይ ግን አይሠራም።

ስለዚህ ለርዕሳችን መልሱ ይህ ነው። ቱሪንግ ባይሞት ኖሮ ስልካችሁ የዛሬውን ይመስል ነበር። ስልክ የሚሠሩ ብዙ ነበሩ። ማሽን ይማር ይሆን ብለው የጠየቁም ሌሎች መጡ። ቡሬዋ ላም ለምን ቡሬ ሆነች ብሎ በዚያ መንገድ ያሰላ የነበረው ግን ያኔ እሱ ነበር፤ ጥያቄውን የሚያነሳለት ሲጠፋ አንድ ትውልድ አለፈ። ጋምቤላ ውስጥ ከብት ሲጠብቅ የሚውል ልጅ ዛሬ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ከማንቸስተሩ ኮምፒዩተር በሚሊዮን ጊዜ ይበረታል። የነጠብጣቡንም ስም ከነዓይነቱ ያውቃል። ቱሪንግ ሁለቱን አንድ ላይ አላገኛቸውም ነበር።